«ና እንሞካከር!» ለሚል ሹፌር ምን ይመለስለታል?



እንደሚታወቀው በዚህ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናወጣው ስለ ቦይ ጠረጋ፣ ስለ እድር መዋጮ፣ ስለ ሌሊት ጥበቃና ስለ ውሃ ተራ ነው። ዛሬ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚያስቸኩል ነገር ስለገጠመን እሱን አስቀድመናል። ጉዳዩ መኪና ያለውንም፣ ሞተርና ባጃጅ የሚነዳውንም፣ በእግሩ ገበያ የሚሄደውንም የሚመለከት ስለሆነ ሁሉም አንብቦ፣ ማንበብ ለማይችለውም አንብቦለት እንዲመካከርበት እንጠይቃለን።

ባለፈው ወር በአንድ የገበያ ቀን፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ግድም፣ አንዲት የቤት መኪናና አንድ ሚኒባስ ከዳገቱ ግርጌ ጀምረው ጎን ለጎን እየተጋፉ በሰፈራችን በኩል አለፉ። አስፋልቱ ለሁለት መኪና ነው፤ አንዱ ለወጪ፣ አንዱ ለወራጅ። እነሱ ግን ሁለቱንም ይዘው ወጡ። ከፊት ለፊት የሚመጣ አለመኖሩ የእግዜር ሥራ ነው። እንቁላል በቅርጫት ይዛ ወደ ገበያ ትሄድ የነበረች አንዲት የገጠር እናት ነፍሷን ለማዳን ቦይ ውስጥ ዘለለች። እጇ ተሰበረ። እንቁላሉማ ምን ይወራል! የሰፈሩ ሰው ተሯሩጦ አነሣት፤ ወደ ሕክምና ወሰዳት፤ ለእንቁላሉም ከየኪሱ አዋጥቶ ሰጣት። እሷም እጇ በጨርቅ እንደታሰረ ብሩን ተቀብላ፣ መርቃ፣ «ለመሆኑ ማን ቀደመ?» ብላ ጠየቀች።

የመለሰላት ሰው አልነበረም። እዚያ ከነበርነው ውስጥ ማን እንደቀደመ ያየ የለምና።

የቤት መኪናዋ ባለቤት የሰፈራችን ልጅ ነው። ሽማግሌዎች አስጠርተው አነጋግረውታል። ልጁ አልካደም፤ ይቅርታ ጠይቋል፤ የሴትዮዋንም ሕክምና ችሏል። ነገር ግን እንዲህ አለ፦ «አባቶቼ፣ እኔ አልጀመርሁም። እሱ ነው የነካኝ። ከኋላዬ መጥቶ ክላክሱን አስጮኸብኝ፣ መብራቱን አብርቶ አጠፋብኝ፣ ጎኔ ሲደርስም እያየኝ ሳቀ። ሰው ሁሉ እያየ ዝም ልል ነው?»

«ሰው ሁሉ እያየ» የሚለው ቃል ነገሩን ከሥሩ አሳየን። ልጁ የቸኮለበት ጉዳይ አልነበረውም። የሚሄደው ቤቱ ነበር፤ ቤቱም እዚሁ ነው። የሮጠው ሰው ስላየው ነው። የሚያየው ሰው ደግሞ ማነው? እኛ ነን።

ጠንካራ መኪና ያለው ሰው በየመንገዱ የሚተናኮለው እንደሚበዛ የሚነግረን ሌላም ጎረቤት አለን። ይህ ሰው ከብዙ ዓመት ስደት በኋላ አገሩ ገብቶ በሰፈራችን ቤት የሠራ ነው። በሰው አገር ሳለ ሁለት በር ያላት፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ የስፖርት መኪና ነበረችው። እንደ ነገረን ከሆነ፣ ቀይ መብራት ላይ በቆመ ቁጥር አንዱ ጎኑ መጥቶ ይቆምና ነዳጅ እየረገጠ ሞተሩን ያስጓራበታል። «ና እንሞካከር» ማለቱ ነው። ቃል አይነገርም፤ ግን ሁለቱም ይግባባሉ። በመጀመሪያው ዓመት ይህ ሰው ለሁሉም መልስ ይሰጥ ነበር። አንድ ቀን ግን አረንጓዴው ሲበራ ዐይኑ ጎኑ ያለው መኪና ላይ ስለነበረ፣ ዘግይተው መንገድ ይሻገሩ የነበሩ አንዲት ባልቴት ሊጨፈልቅ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ መኪናውን ሳይሸጥ ጠባዩን ለወጠ። ጎኑ መጥቶ የሚያስጓራበት ሲኖር እጁን አንሥቶ ሰላም ይላል፤ ፈገግ ይላል፤ መብራቱ ሲበራም ቀስ ብሎ ይነሣል። «መኪናዬ እንደምትሮጥ እኔ አውቃለሁ፤ ለማላውቀው ሰው ማስረዳት ለምን ያሻኛል?» ነው የሚለው።

በከተማችን የስፖርት መኪና እንደ ልብ አይታይም። ፈተናው ግን ያው ነው። ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣች አዲስ መኪና ከሆነች ሚኒባሱ ይተናኮላታል፤ ሚኒባሱን አይሱዙው ይተናኮለዋል፤ ሞተረኛው ሞተረኛውን፣ ባጃጁ ባጃጁን። በአገራችን አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» እያሉ መጥራት ከተለመደ ቆይቷል። ሕዝብ በከንቱ ስም አያወጣም፤ ከሞት ጋር የተያያዘ ስም ያወጣው ሞት ስላየ ነው።

እኛም የሰደተኛውን ጎረቤታችንን ነገር ይዘን ሌላ ሰው ጠየቅን። እኒህ ሰው ከወረታ ተነሥቶ በከተማችንና በጋይንት አድርጎ ወልድያ በሚዘልቀው፣ ሰው «የቻይና መንገድ» በሚለው መንገድ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ የጭነት መኪና የነዱ አዛውንት ናቸው። ሁለቱ ሰዎች ተማክረው አያውቁም፤ የነገሩን ግን አንድ ሆኖ አገኘነው። ለሚነዱ ሁሉ ይጠቅማል ብለን በተራ አስቀምጠነዋል።

አንደኛ፣ ዐይን አለመስጠት። ጎንህ መጥቶ የሚያይህን ሹፌር መልሰህ ካየኸው ውድድሩ ተጀመረ ማለት ነው። ዐይንህን ከመንገዱ አታንሣ። ዝም አይነቅዝም።

ሁለተኛ፣ ሊቀድምህ በተነሣ መኪና ላይ ነዳጅ አለመጨመር። ብዙ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው ይላሉ አዛውንቱ። ቀዳሚው በግራ መስመር እያለ ተቀዳሚው ከጨመረ፣ ቀዳሚው መግቢያ አጥቶ ከፊት ከሚመጣው ጋር ይላተማል። ያ ከፊት የሚመጣው ደግሞ የማንም ጠላት አይደለም፤ ሰርግ የሚሄድ ሰው የጫነ አውቶቡስ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ መንገዱ ገላጣ ሲሆን ቀኝህን ይዘህ፣ ነዳጁን ላላ አድርገህ ማሳለፍ። ኩርባ ላይ ግን «እለፍ» ብለህ ምልክት አትስጥ፤ ከኩርባው ወዲያ ያለውን አንተም አታውቀውም።

አራተኛ፣ ለማስደንገጥ ብሎ ድንገት ፍሬን አለመያዝ። ከኋላ ተጠግቶ የሚጨቀጭቅህን «ላሳየው» ብለህ ፍሬን ከያዝህ የምታሳየው የራስህን ተሳፋሪ ሬሳ ነው።

አምስተኛ፣ አልተውህ ካለ ሰው ካለበት ቦታ ቆም ማለት። ወደ ወረታ ስትወርድ ከሆነ ዓለም በር፣ ወደ ጋይንት ከሆነ ክምር ድንጋይ ላይ ወርደህ ሻይ ጠጣ። «አንድ ሻይ ከአንድ የሬሳ ሳጥን ይረክሳል» ይላሉ እኒህ አባት። እንደዚህ እያሉ ብዙ ሻይ ጠጥተዋል፤ ይኸው የልጅ ልጅ አይተዋል።

ስድስተኛ፣ ሰሌዳ ቁጥሩን ይዞ፣ ከቆሙ በኋላ ለትራፊክ ፖሊስ መንገር። እየነዱ ስልክ ማውጣት ሁለተኛ አደጋ ነው።

ይህን ስንል አንዳንድ ወጣቶች «ታዲያ ፈሪ ሁኑ ነው የምትሉን?» ይሉናል። ኧረ አይደለም! እኛ የፈረሰኛ አገር ልጆች ነን። ጥር 25 ቀን በመርቆሬዎስ በዓል፣ አጅባር ላይ ጉግስ ሲጫወቱ ያላየ የደብረ ታቦር ልጅ ማን አለ? አንዱ ያባርራል፣ አንዱ ይሸሻል፤ አባራሪው ዘንጉን ይወረውራል፣ ሸሺው በጋሻው ይመክታል። በእውነት የወንድ ጨዋታ ነው። ግን ልብ እንበል። ጉግስ ቀን አለው። ሜዳ አለው። ተጫዋቾቹ ሁለቱም ወደው የገቡ ናቸው፤ ሁለቱም ጋሻ ይዘዋል። ተመልካቹ ዳር ዳሩን ይቆማል። በገበያ ቀን፣ በገበያ መንገድ፣ እንቁላል በያዘች እናት መካከል ፈረሱን ኮልኩሎ ጉግስ የተጫወተ ፈረሰኛ ቢኖር አባቶቻችን ጀግና ባላሉት ነበር። ዕብድ ነው ብለው ያስሩት ነበር። ያቺ እናት በምን ጋሻ ትመክት?

ይህ የእኛ አባቶች ብቻ ዕውቀት አይደለም። መኪና የሠሩትም አገሮች በደም ተምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1903 ከፓሪስ ተነሥቶ ማድሪድ ሊደርስ የታሰበ ውድድር ሕዝብ በሚሄድበት ተራ መንገድ ላይ ተደረገ። ተወዳዳሪም ተመልካችም ሞተ፤ ከሞቱት አንዱ የሬኖን መኪና ኩባንያ ከመሠረቱት ወንድማማቾች አንዱ ማርሴል ሬኖ ነበር። መንግሥት ውድድሩን ቦርዶ ከተማ ላይ አስቆመው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1907፣ እንግሊዞች ብሩክላንድስ በሚባል ቦታ ለመኪና ውድድር ብቻ የሚሆን የታጠረ ሜዳ ሠሩ። ጣሊያኖች ግን ሚሌ ሚሊያ የሚሉትን የአንድ ሺህ ማይል ውድድር በየመንደሩ መካከል ማካሄዳቸውን አልተዉም ነበር። በ1957 አንዲት የፌራሪ መኪና ጎማዋ ፈንድቶ ተመልካች መሐል ገባችና ሹፌሩን፣ ረዳቱንና ዘጠኝ ተመልካቾችን ገደለች። ከዘጠኙ አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያ ውድድር በዚያ መልኩ ቀረ። እንግዲህ ፈጣን መኪና የሠሩት ሰዎች ራሳቸው «እሽቅድድም ሜዳው ላይ ይሁን» ብለው የወሰኑትን ነገር፣ እኛ በሰፈራችን አስፋልት ላይ እንዴት እንጀምረዋለን?

ከራሳችን አገርም አንድ ነገር እናስታውስ። አበበ ቢቂላ በ1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1957 ደግሞ ቶኪዮ ላይ ዓለምን ቀድሟል። እግሩን የነሣው ሌላ ሯጭ አልነበረም። በ1961 ሸኖ አጠገብ ቮልስዋገኑ ተገልብጣበት ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፤ በ1966 ዐረፈ። ያን የመሰለ እግር የያዘ ሰው መሪ ላይ ሲቀመጥ እንደማንኛችንም ሥጋ ለባሽ ነው።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን እንይ። ከደብረ ታቦር ወረታ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 60 እየነዳ የሚሄድ 42 ደቂቃ ይፈጅበታል። በሰዓት 80 የሚሮጠው ሠላሳ ሁለት ደቂቃ ግድም። የነፍስ ዋጋ አሥር ደቂቃ ናት ማለት ነው። ያቺንም ወረታ ሲደርስ መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ ያባክናታል። በከተማው ውስጥማ ጭራሽ አያዋጣም። ሁለት ኪሎ ሜትር በ40 የሚሄድ ሦስት ደቂቃ፣ በ60 የሚሄድ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። አንዲት ደቂቃ!

በሌላ በኩል፣ በሰዓት 80 የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ ልጅ ሲገባበት አይቶ እግሩ ፍሬኑ ላይ እስኪያርፍ አንድ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ፍሬን መያዝ ሳይጀምር 22 ሜትር አለፈ። በ40 ቢሆን 11 ሜትር ነበር። ፍሬኑን ከያዘ በኋላ ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ መቆሚያው እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ቁልቁለትና እርጥብ አስፋልት ሲጨመርበት ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ የመኪኖች አማካይ ፍጥነት በመቶ አንድ እጅ ቢጨምር የሞት አደጋ በመቶ አራት እጅ ያህል ይጨምራል።

ለእኛ አገር ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የፎገራ ሜዳ 1,800 ገደማ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። በፎገራ ሜዳ ላይ ዘለል ብላ የቀደመች መኪና ዳገቱ ላይ ስትደርስ ትለግማለች። ሹፌሩ «ቅድም ቀድሜያለሁ፣ አሁንም እቀድማለሁ» ብሎ ይወጣል፤ መኪናዋ ግን ትዘገይበታለች፤ ኩርባው ይደርስበታል። በክረምት ከጉና በኩል ጉሙ ሲወርድ ደግሞ አሥር እርምጃ የማይታይበት ጊዜ አለ። በጉም ውስጥ የሚሽቀዳደም ሰው ዐይኑን ጨፍኖ እንደሚሮጥ ነው።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ስለ ቸልተኝነት ግድያ ይናገራል። ሹፌሩ ግልጽ የሆነ ደንብ ጥሶ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ገድሎ ከሆነ ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ፅኑ እሥራት ሊደርስ ይችላል። «እሱ ነው የነካኝ» ማለት በፍርድ ቤት ነፃ አያወጣም። አሥራ አምስት ዓመት ማለት ዛሬ ጡት የሚጠባ ልጅ ጎረምሳ እስኪሆን ድረስ ነው።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን አንድ ነገር እንጨምር። የሚኒባሱና የባጃጁ ሽሚያ ሁሉ ከጉራ የመጣ አይደለም። ሹፌሩ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ማስረከብ አለበት፤ ነዳጁ አለ፤ የረዳቱ አለ፤ የራሱ እንጀራ ደግሞ ከተረፈው ነው። መንገድ ዳር የቆመውን ተሳፋሪ ሌላው ቀድሞ ከጫነው ማታ ቤቱ ባዶ እጁን ይገባል። ስለዚህ ሹፌሩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። በሰፈራችን የምትኖሩ ባለ ሚኒባሶችና ባለ ባጃጆች ሆይ! በገበያ ቀን የምታገኙትን እያሰባችሁ የሌላውን ቀን ገቢ አትቁረጡ። ተራ እንዲከበር፣ ከተራ ውጭ የሚሻማ እንዳይኖር ከተራ አስከባሪዎች ጋር ተነጋገሩ። መኪናው ቢገለበጥ የሚከስረው ባለቤቱም ጭምር ነው።

እኛስ? እዚህ ላይ ነው መናዘዝ የሚያስፈልገን። ከኋላ ተቀምጠን «በል እንጅ ንዳው! በሴት ተቀደምህ እኮ!» የምንል ማን ነን? በሞተሩ አንድ ጎማ ላይ ቆሞ ላለፈ ጎረምሳ «አንበሳ!» ብለን የምንጮህ ማን ነን? ያ የሰፈራችን ልጅ በዚያች ጧት ሚኒባሱን ዝም ብሎ ቢያሳልፈው ኖሮ፣ ማታ ጠላ ቤት ተሰብስበን «ይቺን የመሰለች መኪና ይዞ በጭቅጭቅ ሚኒባስ ተቀደመ» እያልን የምንስቅበት እኛው ነበርን። ልጁም ያወቀው ይህን ነው። የፈራው ሚኒባሱን አልነበረም፤ የፈራው እኛን ነው። ስለዚህ የሴትዮዋ እጅ ሲሰበር የእኛም ሳቅ አለበት።

ከእንግዲህ ፍርዱን እንገልብጠው። አሳልፎ የሚመጣውን ሹፌር «ጎበዝ፣ ልበ ሰፊ» እንበለው። ሲነዳ የሚጣደፈውን «ወንድምዓለም፣ ቀስ በል፤ አልቸኮልንም» ብለን በጊዜ እንንገረው፤ አልሰማ ካለ «ወራጅ አለ» ብለን እንውረድ። ተሳፋሪ ሲወርድበት የማይሰማ ሹፌር የለም። ወላጆችም ለልጆቻችሁ የሞተር ቁልፍ ከመስጠታችሁ በፊት መንጃ ፈቃዱን ጠይቁ። እትዬዎች፣ እናንተ ደግሞ ገበያ ስትሄዱ ልጆቹን ከአስፋልቱ ወዲያ በኩል አድርጓቸው።

ማኅበራችን በበኩሉ የሚከተለውን ወስኗል። በሰፈራችን አስፋልት ላይ የፍጥነት መቀነሻ እንዲሠራልን ለከተማው አስተዳደር ማመልከቻ ይጻፋል፤ ማመልከቻው ከጸሐፊው ዘንድ ስላለ እየመጣችሁ ፈርሙ። ሲሽቀዳደም የታየ የሰፈራችን ሹፌር በመጀመሪያ በሽማግሌ ይመከራል፤ ከደገመው ለትራፊክ ፖሊስ ይነገራል፤ ዘመድ ነው ተብሎ አይሸፈንም። እጇ የተሰበረው እናት እስክትድን ሥራ ስለፈታች፣ ከእድሩ ውጭ የሚሰበሰብ መዋጮ ተጀምሯል፤ አቅም ያለው ይጨምር።

ስለዚሁ ጉዳይ ለመነጋገር በመጪው እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በማኅበሩ ቅጥር ግቢ ስብሰባ ይኖራል። ሁለቱ ሹፌሮች፣ ያ ልጅና የሚኒባሱ ነጂ፣ ሁለቱም ለመምጣት ቃል ገብተዋል። ያቺ እናትም ትመጣለች። «ማን ቀደመ?» ለሚለው ጥያቄዋ መልስ ያለው ሰው ካለ እዚያው ይንገራት። እኛ ፈልገን አላገኘንም።

ከዝግጅት ክፍሉ